ሞኖፖድ ላይ ቦል ሄድ ወይስ ቲልት ሄድ?

ጥያቄ፦ «ካኖን 6ዲ ማርክ 2 እና 70-200 ኤፍ 2.8 አይኤስ ሁለተኛው ሌንስ አለኝ። ለሠርግ፣ ለበዓልና ለሩጫ ውድድር እንዲያግዘኝ ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር የካሜራ መደገፊያ ዘንግ) ገዛሁ። ከትራይፖዴ (ከባለ ሦስት እግሩ መደገፊያ) ላይ ቦል ሄዱን (ካሜራው የሚታሰርበትን፣ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞረውን ድቡልቡል ራስ) ፈትቼ ብገጥምበት ካሜራው አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ፊት ይወድቅብኛል። ሳጠብቀው ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ቲልት ሄድ የሚባለው ይሻለኛል? ከሆነስ ምን ዓይነቱን ልግዛ? እንዴትስ ልጠቀምበት?»

ይሻልዎታል። ምክንያቱን ካወቁ የትኛውን መግዛት እንዳለብዎም ግማሹን ያውቁታል።

ካሜራ ሦስት ዓይነት እንቅስቃሴ አለው፤ ወደ ቀኝና ግራ ይዞራል፣ ወደ ላይና ታች ያያል፣ ወደ ጎን ይንጋደዳል። የትራይፖድ እግሮች ተተክለው ስለሚቀሩ ሦስቱንም የሚሠራው ሄዱ ነው። ሞኖፖድ ግን ራሱ ይንቀሳቀሳል። ቀኝና ግራ ለመዞር ዘንጉን ማዞር ነው። አድማሱ ከተዛባ የዘንጉን አናት ሁለት ጣት ያህል ወደ ጎን ገፋ ማድረግ ይበቃል። በቁም ለማንሳት የሌንሱ ቀለበት (ሌንሱን ዙሪያውን አቅፎ፣ ከሥሩ ባለው እግር ዘንጉ ላይ የሚታሰረው) አለልዎ፤ ላላ አድርጎ ካሜራውን 90 ዲግሪ ማዞር ነው። ዘንጉ እንደ ልብ የማይሰጥዎት ወደ ላይና ወደ ታች ማየትን ብቻ ነው። ቲልት ሄድ እንደ በር ማጠፊያ ያንን አንዱን ይፈቅድና ሌሎቹን ይዘጋል። ቦል ሄድ ግን ሲላላ ሦስቱም አብረው ይላላሉ። ትንሽ ወደ ታች ላድርገው ብለው ሲፈቱት ካሜራው ወደ ጎን የሚወድቀው ለዚህ ነው።

ያለ ምንም ሄድ የሌንሱን እግር ዘንጉ ላይ ቢያስሩትስ? ይቻላል፤ ከሜዳ ዳር ሆነው ኳስ የሚያነሱ ብዙዎች እንደዚያ ነው የሚሠሩት። ተጫዋቹ በእነሱው ከፍታ ላይ ስላለ ካሜራቸው ብዙም አያጎነብስም። ነገሩ የሚከፋው ከፍታ ሲለያይ ነው። ከአዳራሽ ሰገነት ላይ መድረኩን፣ ወይም መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ቆመው ታች ያለውን ደመራ ሲያነሱ 20 ዲግሪ ወደ ታች ማየት አስፈለገ እንበል። ያለ ሄድ ይህን የሚያደርጉት ዘንጉን ራሱን 20 ዲግሪ ወደ ፊት በማዘንበል ነው። ዘንጉ 150 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አናቱ 51 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል፣ 9 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። 30 ዲግሪ ሲሆን ደግሞ 75 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች። ዓይንዎ ካሜራውን መከተል ስላለበት ወይ ጎንበስ ይላሉ፣ ወይ የዘንጉን እግር በእግሮችዎ መካከል ወደ ኋላ ይጎትታሉ። ክብደቱም ከዘንጉ ወደ ክንድዎ ይዞራል።

የባሰው የሚመጣው ወደ ጎን ሲዞሩ ነው። ወደ ፊት እንዳዘነበለ ዘንጉን 90 ዲግሪ ቢያዞሩት ያ 20 ዲግሪ ወደ ታች ማየት ይቀርና ወደ ጎን መንጋደድ ይሆናል። ሙሽሮቹ ቁልቁለት ላይ የቆሙ ይመስላሉ። ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢዞሩም ችግሩ በልኩ አለ፤ «ሞኖፖድ ላይ አድማሴ ሁሌ ይጠመምብኛል» የሚሉ ሰዎች ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። እንግዲህ የቲልት ሄድ ትልቁ ጥቅም ዘንጉ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ማድረጉ ነው። ዘንጉ ቀጥ ካለ የፈለጉትን ያህል ቢዞሩ አድማሱ አይነካም።

ወደ ግዢው እንሂድ። በመጀመሪያ ክብደት ያስሉ። 6ዲ ማርክ 2 ከነባትሪውና ካርዱ 765 ግራም ነው። ሌንሱ ያለ ቀለበቱ 1490 ግራም ነው። ቀለበቱና ፕሌቱ (ከካሜራው ወይም ከሌንሱ እግር ሥር ታስሮ ሄዱ ላይ የሚገጠመው ጠፍጣፋ ብረት) ሲጨመሩ ወደ 2.4 ኪሎ ይጠጋል። ሠርግ ላይ ፍላሽ ከላይ ከሰኩ፣ 600ኢኤክስ-አርቲን የመሰለ ትልቅ ፍላሽ ከነአራት ባትሪዎቹ ግማሽ ኪሎ ያህል ስለሚጨምር 2.9 ይደርሳሉ። በዚህ መስክ የቆየውና ቀላሉ የማንፍሮቶ 234 የተፈቀደለት ጭነት 2.5 ኪሎ ነው። ያለ ፍላሽ ጠርዙ ላይ ነዎት፤ በፍላሽ አልፈውታል። ቀላል ሌንስ ላለው ሰው 234 ጥሩ ዕቃ ነው፤ ለእርስዎ ግን ከዚህ ከፍ ያለ እመርጣለሁ።

አንዳንዱ ሄድ ላይ 15 ኪሎ ተጽፎ ያያሉ። ያ ቁጥር ከሌላ ፋብሪካ ቁጥር ጋር አይወዳደርም፤ አለካኩ የየራሳቸው ነው። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ካሜራ ለማጠፊያው ምንም አይከብደውም፤ የሚከብደው ሲያጎነብስ ነው። የካሜራዎና የሌንስዎ የክብደት ማዕከል ከማጠፊያው በላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ 10 ዲግሪ ሲያጎነብስ ክብደቱ ከዘንጉ 1.7 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ይወጣል። 30 ዲግሪ ሲሆን 5 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ያው ካሜራ ማጠፊያውን ሦስት እጥፍ ይጎትተዋል ማለት ነው። ፍላሽ ከላይ ሲሰካ ኪሎው ብቻ ሳይሆን የክብደት ማዕከሉም ከፍ ስለሚል ጉተታው በሁለት በኩል ይጨምራል። በዚሁ ምክንያት ከማጠፊያው እስከ ፕሌቱ ድረስ ያለው ቁመት አጭር የሆነ ሄድ ሁሌም ይሻላል።

ሱቅ ሲሄዱ የራስዎን ካሜራና ሌንስ ይዘው ይሂዱ። ገጥመው 30 ዲግሪ ያጎንብሱት፤ ማጥበቂያውን በሁለት ጣት ብቻ ያጥብቁና ይልቀቁት። በዝግታ የሚንሸራተት ከሆነ ይተዉት። ቀጥሎ ማጥበቂያውን ላላ አድርገው የሌንሱን አፍ በጣትዎ ወደ ቀኝና ግራ ነቅነቅ ያድርጉ። ማጠፊያው ላይ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ክፍተት ከተሰማዎት ያ ክፍተት በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፎቶዎ ላይ ይታያል። ሦስተኛው ፈተና፦ አንድ ነጥብ ላይ አነጣጥረው ያጥብቁት። እያጠበቁ ሳለ ነጥቡ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሸሽ ከሆነ የሄዱ አሠራር ልል ነው። ማጥበቂያው ትልቅና ሻካራ ይሁን፤ ላብ ባለው እጅ ትንሽ ለስላሳ ማጥበቂያ አይታዘዝም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፕሌቱ ላይ ነው። በብዛት የሚያጋጥሙዎት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንደኛው አርካ-ስዊስ የሚባለው፣ ወርዱ 38 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነና ሁለት ጎኑ ወደ ውስጥ የተሞረደ ረጅም ፕሌት ነው። ሁለተኛው የማንፍሮቶው አርሲ2 ነው፤ 234አርሲ ከእሱ ጋር ይመጣል። ሁለቱ አይግባቡም። ትራይፖድዎ ላይ ያለው አርካ ከሆነ ሞኖፖዱም አርካ ይሁን፤ በጥምቀት ግፊያ መሃል ፕሌት መቀያየር አይታሰብም። አርካው ሌላም ጥቅም አለው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚንሸራተት ካሜራውን ሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል።

አሁን ደግሞ የሚገዙት ሰዎች ዕቃው እጃቸው ከገባ በኋላ የሚያስተውሉት ነገር። የአርካ ፕሌት በሁለት አቅጣጫ ይታሰራል። ሌንሱ እግር ላይ ሲታሰር ርዝመቱ ከሌንሱ ጋር አንድ አቅጣጫ ይይዛል፤ ካሜራው ሆድ ላይ ሲታሰር ግን ከግራ ወደ ቀኝ ይጋደማል። የሄዱ መንከሻ፣ ማለትም ፕሌቱን የሚይዘው አፍ፣ የሚቀበለው አንዱን ነው። የሌንስ ፕሌት ይዘው መንከሻው ለካሜራ ሆድ የተዘጋጀ ከሆነ፣ ማጠፊያው ካሜራውን ወደ ታች በማጎንበስ ፈንታ ወደ ጎን ይጥለዋል። ሰውየው «ሄዱ የተበላሸ ነው» ብሎ ይመልሳል፤ ሄዱ ግን ምንም አልሆነም። ሲገዙ «መንከሻው 90 ዲግሪ ዞሮ ይታሰራል?» ብለው ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ መንከሻውን ሲከፍቱት መሃሉ ላይ ባለስድስት ማዕዘን ራስ ያለው ብሎን ያገኛሉ፤ ያንን ፈቶ፣ መንከሻውን ሩብ ዙር አዙሮ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው። ከሥሩ ትንንሽ ፒኖች ካሉ ቀዳዳቸው ውስጥ በትክክል መቀመጣቸውን ሳያዩ እንዳያጠብቁ፤ ፒኑ ተንጠልጥሎ የታሰረ መንከሻ በማግስቱ ይላላል። አርሲ2 ላይ ይህ ራስ ምታት የለም፤ ፕሌቱን ራሱን ከሌንሱ እግር ሥር አዙሮ ማሰር ይቻላል።

70-200ውን በቀለበቱ፣ 24-70ን ደግሞ በካሜራው ሆድ እያፈራረቁ የሚጠቀሙ ከሆነ መንከሻውን በየሰዓቱ ማዞር አይችሉም። አራቱም ጎኑ የተሞረደ ካሬ ፕሌት ለካሜራው ሆድ ቢገዙ በሁለቱም አቅጣጫ ይገባል። እውነቱን ለመናገር ግን 24-70ን ሞኖፖድ ላይ የሚጭኑበት ምክንያት ቪዲዮ ካልሆነ በቀር ብዙ አይታየኝም። ካሜራው ሆዱ ላይ ከታሰረ የሌንሱ ክብደት ገና ቀጥ ባለበት ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ማጠፊያው ዕረፍት አያገኝም። በቁም ለማንሳትም ቀለበት ስለሌለ ኤል ቅርጽ ያለው ፕሌት ካልገዙ መንገዱ አይገኝም።

የብሎኑን ጥርስ አይርሱ። ሞኖፖድ አናት ላይ ያለው ብሎን ወይ 3/8 ኢንች፣ ማለትም ወደ 9.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ወይ 1/4 ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ብዙዎቹ ሞኖፖዶች ላይ ብሎኑ ተገልብጦ ሁለቱንም ይሆናል። የሄድ ሥር አብዛኛውን ጊዜ 3/8 ነው። ሄዱ ውስጥ ማጥበቢያ ጉንጉን (የ3/8ን ቀዳዳ ወደ 1/4 የሚያጠብ) ካለ፣ አፉ ላይ ባለው ስንጥቅ ሳንቲም አስገብተው ወደ ግራ በማዞር ያውጡት። በማጥበቢያ በኩል በ1/4 ብሎን ከባድ ሌንስ መሸከም ይቻላል፤ ግን እየላላ ያስቸግራል። ዕቃውን ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ ሦስት ነገር ብቻ ጽፈው ይላኩለት፦ ሥሩ 3/8፣ መንከሻው አርካ፣ መንከሻው 90 ዲግሪ የሚዞር። «የሞኖፖድ ሄድ ግዛልኝ» ካሉት ትንሽ ቦል ሄድ ይዞልዎት ይመጣል።

ሲገጥሙ የሞኖፖዱን አናት በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ሄዱ ጎማውን ወይም ቡሹን ሙሉ በሙሉ ነክቶ እስኪቀመጥ በእጅ ያጥብቁ። ፒንሳ አያስፈልግም። ከዚያ ካሜራውን ጭነው ማጥበቂያውን ያላሉና፣ ሌንሱ ወደ ፊት ከወደቀ ፕሌቱን ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ከወደቀ ወደ ፊት ያንሸራትቱ። የእርስዎ ሌንስ ሲዘረጋ ስለማይረዝም አንዴ ያገኙት ሚዛን በ70ም በ200ም ያው ነው፤ እንደ ሲግማ 150-600 ያለው ግን ሲዘረጋ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ በሚያዘወትሩት ርዝመት ላይ ማስተካከል ነው። ሚዛኑ የተገኘበትን ቦታ ፕሌቱ ላይ በእርሳስ ወይም በነጭ ቀለም ምልክት ያድርጉበት። ፕሌቱ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች አይንቀሉ፤ ብዙ ሰው «ለምን እንደሆኑ አይገባኝም» እያለ ነቅሎ ይጥላቸዋል። መንከሻው በስህተት ቢላላ ሌንሱ ተንሸራትቶ እንዳይወጣ የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ማጥበቂያው በግራ እጅዎ በኩል ይሁን፤ ቀኝ እጅዎ ከመዝጊያው አይነሳም። በቀኝ ከሆነብዎ ካሜራውን አውጥተው፣ ሄዱን ከነዘንጉ ግማሽ ዙር አዙረው መልሰው ይጫኑት።

ቁመቱን ሲያስተካክሉ ወፍራሞቹን ክፍሎች መጀመሪያ ይዘርጉ፤ ታች ያለው ቀጭኑ የመጨረሻ ይሁን። ዘንጉ ቀጥ፣ ሄዱ ዜሮ ላይ ሆኖ መመልከቻው ዓይንዎ ላይ ይድረስ። መመልከቻው ከማጠፊያው ኋላ 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ሌንሱ 20 ዲግሪ ወደ ታች ሲያይ እሱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ ሰገነት ላይ ዘንጉን 5 ሴንቲ ሜትር አሳጥሩ፤ ወደ ላይ የሚያነሱ ከሆነ ያን ያህል ያስረዝሙ። ይህን ያላደረገ ሰው ሳያውቀው ዘንጉን ወደ ማዘንበል ይመለሳል፤ ሄዱም ጥቅም ሳይሰጥ ይቀራል።

የሰበቃውን ልክ ማግኘት የሥራው ቁልፍ ነው። ማጥበቂያውን ካሜራው በራሱ እስኪወድቅ ያላሉት፤ ከዚያ እየደገፉ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ። በጣት ሲገፋ የሚሄድ፣ ሲለቁት ግን ባለበት የሚቆም ልክ አለ። ሚዛኑ በደንብ ከተገኘ ይህ ልክ ሌንሱ አግድም ከሆነበት 10 ዲግሪ ወደ ላይና ወደ ታች ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ጨመር ማድረግ ነው። ለሯጭም ለታቦት ጉዞም እዚሁ ላይ ትተውት ይሥሩ። ሙሉ በሙሉ የሚቆልፉት መድረክ ላይ አንድ ቦታ ሲጠብቁ፣ ወይም ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄዱ ነው። ግራ እጅዎን ሌንሱ ላይ ከቀለበቱ ፊት ጣል አድርገው ትንሽ ወደ ታች ይጫኑ፤ እግሮችዎን ከፈት አድርገው፣ የዘንጉን ጫፍ ከፊትዎ አንድ ጫማ ያህል ርቆ ይትከሉት። የአዳራሽ እብነ በረድ አቧራ ካለበት የጎማው ጫፍ ይንሸራተታል፤ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።

ሌንሱ ላይ ያለውን ማረጋጊያ አያጥፉ። ሞኖፖድ የላይና ታች መንቀጥቀጥን ይይዛል እንጂ የፊትና ኋላ መወዛወዙን ሙሉ በሙሉ አይይዝም። ቆሞ ለሚያነሱት ሞድ 1፣ ሯጭን ተከትለው ሲዞሩ ሞድ 2። መድረክ ላይ የ1/160 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት ለእጅዎ በቂ ቢሆንም የሚጨፍር ሚዜን አያስቆምም፤ ለሯጭ ከ1/1000 አይውረዱ።

ከጊዜ በኋላ የሚመጣው የታወቀ ብልሽት ሄዱ ከዘንጉ ላይ እየተፈታ መምጣቱ ነው። ከላይ ሲታይ ሄዱ የሚጠብቀው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ዘንጉ መሬት ላይ ተይዞ ካሜራውን ብቻ ወደ ግራ በጎተቱ ቁጥር ትንሽ እየፈቱት ነው። ወደ ግራ ሲዞሩ ካሜራውንና ዘንጉን አብረው ያዙሩ። ያም ሆኖ ከላላ ብሎኑን በአልኮል ጠርገው አንድ ጠብታ ሰማያዊ ሎክታይት ያድርጉበት። ቀዩን አይጠቀሙ፤ ያለ ሙቀት አይፈታም።

ማጠፊያው ውስጥ አቧራ ገብቶ ቢያንቋርር ግራሶም ሆነ ደብሊውዲ-40 አያስገቡበት። ካሜራውን የሚይዘው ውስጡ ያሉት ሮንዴላዎች ሰበቃ ስለሆነ ዘይት የነካው ሄድ ጠብቆም ይንሸራተታል። በደረቅ ብሩሽ ማጽዳት ነው። የጎን ክፍተት ከጀመረ ከማጥበቂያው ተቃራኒ በኩል ያለውን ብሎን ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ሄድ ላይ ሩብ ዙር ማጥበቅ ይመልሰዋል። ካሜራውን ሞኖፖዱ ላይ እንዳለ ትከሻ ላይ አንጋድሞ መሄድ ደግሞ ማጠፊያውንም መንከሻውንም ያደክማል፤ ሲሄዱ ቀለበቱን ይዘው፣ የካሜራው ማንገቻ አንገትዎ ላይ ይሁን።

ሄዱ እስኪመጣልዎ ቦል ሄዱን አውልቀው የሌንሱን እግር በቀጥታ በ1/4ው ብሎን ዘንጉ ላይ እሰሩት። መንገድ ዳር ቆመው ሯጮች ለማንሳት ከቦል ሄዱ ይሻልዎታል። ለሰገነቱ ግን ዘንጉን ትተው በእጅ ያንሱ።